ከጉሮሮ ከወጣ በኋላ በአከርካሪ ስለሚቀር ጠንቅ

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የምግብ ቧንቧ ከአንገት ጀምሮ በአከርካሪ ፊት ተጠግቶ የሚወርድ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ስስና ልል ሥጋ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተዋጠ የዓሣ እሾህ ወይም መርፌ ቧንቧውን የበሳ እንደ ሆነ የአፍ ጀርሞች ወደ አጥንቱና በአጥንቶቹ መካከል ወዳለው ዲስክ ለመሻገር ረጅም መንገድ የለባቸውም። ነገሩ የሚደርሰው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ምናልባትም ስለዚህ ይሆናል የሕክምና ታሪክ ሲተረክ የወጣው ነገር እንጂ የቀረው ጠንቅ እምብዛም የማይነሣው።

ታሪኩን በጀርመን አገር ከፍራይቡርግ ከተማ መጀመር ይቻላል። በ1868 አዶልፍ ኩስማውል የተባለ ሐኪም፣ ሰይፍ እየዋጠ ትርኢት የሚያሳይ ሰው አስመጥቶ ቀጥ ያለ ቱቦ በጉሮሮው አሳለፈ። ቱቦው ገባ፤ ብርሃኑ ግን አልበቃም። በዚያችው ከተማ በ1897 ጉስታቭ ኪሊያን ከአንድ ገበሬ የአየር ቧንቧ የአጥንት ስባሪ በቱቦ አወጣ።

ሥራውን ከፍ ካለ ደረጃ ያደረሰው አሜሪካዊው ሼቫሊየር ጃክሰን (1865–1958) ነው። ከሰው ጉሮሮና ሳንባ የወጡት 2,374 ዕቃዎች በፊላደልፊያ በሙተር ሙዚየም በመሳቢያ ተደርድረው ይገኛሉ፤ መርፌ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ አጥንት፣ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ለማያውቅ ተማሪ የተሰጠ የክብር ምልክት ሳይቀር። (ባለቤቱ በዚያ ቀን ቀርቶ ይሆን?)

ለእኔ ግን ከመሳቢያዎቹ ይልቅ የሚበልጥብኝ ሌላው ሥራው ነው። በዚያን ጊዜ ለጽዳት በየቤቱ ይቀመጥ የነበረው ኮስቲክ ሶዳ የሕፃናትን ጉሮሮ ያቃጥል ነበርና፣ በማሸጊያው ላይ የመርዝ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ ብዙ ደከመ፤ ሕጉም በ1927 ወጣ።

ጃክሰን ሁለት ጠላቶች ነበሩት ማለት ነው፤ የሚሰነቀር ዕቃና የሚያቃጥል ኬሚካል። እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ የሆነችው ትንሽ ባትሪ ሁለቱን በአንድነት ይዛ መጣች። በሕፃን የምግብ ቧንቧ የተሰነቀረች እንደ ሆነ፣ ኤሌክትሪኳ በእርጥቡ ሥጋ ውስጥ ሲያልፍ በአሉታዊው ጎኗ በኩል ያንኑ የኮስቲክ ሶዳ ዓይነት የሚያቃጥል ነገር ይፈጥራል። በሁለት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። ይህ ጎኗ ወደ ኋላ የዞረ እንደ ሆነ ቃጠሎው የሚያመራው ወደ አከርካሪ ነው።

ባትሪዋ ወጥታ ሁሉም ተረጋግቶ ሳለ ሕፃኑ ከሳምንታት በኋላ አንገቱን ማዞር እንቢ ሊል ይችላል። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል፤ ተራው ራጅም በመጀመሪያ ምንም ላያሳይ ይችላል። በዲስኩ ላይ የተነሣውን ማመርቀዝ በይበልጥ የሚገልጠው ኤም.አር.አይ. ነው፤ ሕክምናውም ለብዙ ሳምንታት የሚሰጥ አንቲባዮቲክና እንደ ሁኔታው አንገትን ደግፎ ማቆየት ነው።