የዘመመው ሐውልትና የተቃናው ፎቶግራፍ



ቴፒ ስደርስ በመጀመሪያ ዓይኔን የሳበው የጭቃ ቤቶቹ አቋም ነው። ዝናብ በሚያዘወትርበት፣ ምስጥ በሚበረታበት በዚህ ምድር የእንጨት ምሰሶ ከሥሩ ይበላል፤ ቤቱም ቀስ በቀስ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል። ትናንት ከቀትር በኋላ ከእነዚህ ቤቶች አንዱን ከመንገድ ዳር በስልኬ አነሣሁት። ከዚያም በፎቶ ማረሚያው ላይ አንዲት ምልክት ብነካ ቤቱ ቀጥ ብሎ ቆመ። ባለቤቱ ቢያየው ደስ ይለው ይሆናል። ከመቶ ዓመት በኋላ የዚህን አገር የቤት አሠራር ታሪክ የሚጽፍ ሰው ግን ይህን ምስል ቢያገኝ ይሳሳታል። የዛሬው ንግግሬ ስለዚህ ስሕተት ነው።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላብራራ። ካሜራውን ወደ ላይ ቀና አድርገን ረጅም ሕንፃ ስናነሣ የግድግዳው ጠርዞች ወደ ላይ እየተጠጋጉ ይሄዳሉ፤ ሕንፃውም ወደ ኋላ የሚወድቅ ይመስላል። ብዙዎች ጥፋቱን በሌንሱ ያሳብባሉ። ነገር ግን ሌንሱ ምንም አልበደለም። የሕንፃው አናት ከእግሩ ይልቅ ከካሜራው ይርቃልና አንሶ ይታያል፤ ምስሉ የሚያርፍበት ገጽም ከግድግዳው ጋር ትይዩ መሆኑ ቀርቷል። መፍትሔውም ከዚሁ ይመነጫል፤ ገጹን እንደ ግድግዳው ቀጥ አድርጎ ማቆም፣ ሌንሱን ብቻ ወደ ላይ ማንሸራተት። የጥንቶቹ ባለመንፊያ የእንጨት ካሜራዎች ይህን ያደርጉ ነበር። ኒኮን ለትናንሽ ካሜራዎች የሚሆን ተንሸራታች ሌንስ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ይህ ያልነበረው ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ከማጉያው ሥር አዘንብሎ ያትም ነበር።

የነገሩ ሥር ግን ከውበት ይልቅ ከልኬት ጋር የተያያዘ ነው። አልብሬክት ማይደንባወር የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1858 የቬትስላርን ካቴድራል ሲለካ ከከፍታ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ፤ በዚህም ምክንያት ሕንፃን በእጅ ሳይነኩ ከፎቶግራፍ ላይ መለካት ይቻላል የሚል ሐሳብ አደረበት። በ1885 በበርሊን ለዚሁ ሥራ ተቋም ተመሠረተ። ይህን ተቋም ከማይደንባወር ቀጥሎ የመራው ቴዎዶር ፎን ሉፕከ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1898 ዓ.ም. በኤኖ ሊትማን መሪነት ወደ አክሱም የመጣው የጀርመን ጉዞ አባል፣ አርክቴክትና ፎቶግራፍ አንሺ ነበር። የጉዞው ውጤት እ.ኤ.አ. በ1913 በአራት ቅጾች ታትሟል፤ ስለ አክሱም የሚጽፍ ሁሉ እስከ ዛሬ ሳይመለከተው አያልፍም።

አክሱምን ካነሣሁ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከዓመታት በፊት 21 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለውን፣ በንጉሥ ኢዛና ስም የሚጠራውን ሐውልት በዲጂታል ካሜራ አንሥቼ ለማስተማሪያ አዘጋጀሁት። ካሜራዬ ቀና ብሎ ስለነበር የሐውልቱ ጠርዞች ተጠጋጉ፤ እኔም ሁለቱን ጠርዞች መነሻ አድርጌ በሶፍትዌር አቃናኋቸው። በክፍል ውስጥ አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ይህ ሐውልት ዘመም ያለ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር፤ እዚህ ግን ቀጥ ብሏል» አለች። የምመልሰው አልነበረኝም። ሐውልቱ በእርግጥ የዘመመ ነው። ከሮም የተመለሰው 24 ሜትሩ ሐውልት በ2000 ዓ.ም. ዳግም ሲተከል ይኼኛው እንዳይወድቅ ተደግፎ የቆየው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚህም ሌላ የአክሱም ሐውልቶች ወደ ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ ሆነው ተጠርበዋል። እኔ ግን በአንድ ጊዜ የጠራቢውን ሥራም፣ የዘመናትን ጫናም ከምስሉ ላይ ፍቄ ነበር።

ሶፍትዌሩ የሚሠራው ቀላል ስሌት ነው። በምስሉ ላይ አራት ነጥቦችን ይወስዳል፤ በእውኑ ዓለም የአንድ አራት ማዕዘን ጫፎች ናቸው ብሎ ያምናል፤ ከዚያም ስምንት ቁጥሮችን አስልቶ ፒክስሎቹን ሁሉ ያፈናቅላል። የምንነግረውን ያምናል እንጂ አይጠይቅም። አናቱ ሲለጠጥ የምስሉ ጥራት እዚያ ይሳሳል፤ ማዕዘኖቹ ተቆርጠው ይቀራሉ። የሌንሱ የትኩረት ርቀት ካልታወቀና ከእውኑ አካል የተለካ ነገር ከሌለ ደግሞ የቁመቱና የወርዱ ምጣኔ ግምት ብቻ ነው። ከተቃና ፎቶግራፍ ላይ ቁመት ለክተው የሚጽፉ የመመረቂያ ጽሑፎች ሲያጋጥሙኝ ይህን እጠይቃለሁ፤ መልስ የማገኘው አልፎ አልፎ ነው።

ስለዚህ መነሻችን ራሱ የምናጠናው አካል መሆን የለበትም። ግንበኞቻችን ይህን ከእኛ ቀድመው ያውቁታል፤ ግድግዳን በግድግዳ አይፈትኑም፣ ቱምቢ ያወርዳሉ። በምስሉ ግራና ቀኝ ሁለት ቱምቢ አንጠልጥሎ ማንሣትና በእነርሱ ብቻ ማቃናት ይበቃል። የመጀመሪያው፣ ያልተነካው ፋይል ከተቃናው ጎን ይቀመጥ፤ ማቃናቱ በምን መነሻ እንደተደረገም በመግለጫው ይጻፍ።

ዛሬ ጠዋት ባለቤቱን አስፈቅጄ ወደዚያ ቤት ተመለስሁ። ከአንድ ግንበኛ በተዋስሁት ቱምቢ ከግድግዳው ማዕዘን አናት ላይ ክሩን አወረድሁ። ክሩ ከማዕዘኑ እግር አንድ ስንዝር ርቆ አረፈ።