ቀራንዮ፦ ከራስ ቅሉ አፈ ታሪክ ወደ መስቀሉ እውነት

በአዲስ አበባ ምዕራብ የምንኖር ሰዎች «ኮልፌ ቀራንዮ» የሚለውን ስም በየቀኑ እንሰማዋለን። የታክሲ ረዳት «ቀራንዮ! ቀራንዮ!» ብሎ ይጣራል፤ የክፍለ ከተማው ማኅተምም ላይ ተጽፏል። ይህ ቃል ግን የወንጌል ቃል ነው። ምንጩ ግሪክኛ ሲሆን ትርጉሙም «የራስ ቅል» ማለት ነው (ሉቃስ 23፥33)። ሌሎቹ ወንጌላውያን ቦታውን ጎልጎታ ይሉታል።

ለመሆኑ የማን ራስ ቅል ነው? ወንጌላቱ አይናገሩም። መጽሐፍ ዝም ባለበት ግን ብዙ ጊዜ አፈ ታሪክ ይናገራል። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው ኦሪጎን አዳም የተቀበረው በዚያ ነው የሚል ትውፊት እንደ ደረሰው ጽፏል። በአገራችን በግእዝ የሚነበበው ገድለ አዳም ደግሞ ታሪኩን ያሰፋዋል። ኖኅ የአዳምን አስከሬን በመርከቡ ይዞ ከጥፋት ውኃ እንዳሻገረው፣ በኋላም ሴምና መልከ ጼዴቅ ወደ ምድር መካከል ወስደው እንዳኖሩት ይተርካል። በብዙ የስቅለት ሥዕሎች ከመስቀሉ ግርጌ የምናየው የራስ ቅል የአዳም ነው ተብሎ የሚታመነው ከዚህ የተነሣ ነው። በኢየሩሳሌም በጎልጎታ ዐለት ሥር እስከ ዛሬ «የአዳም ጸሎት ቤት» የሚባል ክፍል አለ።

ሁሉም ግን አልተቀበለውም። በቤተ ልሔም ይኖር የነበረው የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚ ሄሮኒመስ፣ ትርጓሜው የሕዝብን ጆሮ ደስ ቢያሰኝም እውነት እንዳልሆነ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጽፏል። ቦታው በዚያ ስም የተጠራው ወንጀለኞች አንገታቸው የሚቀላበት ስለ ነበረ ነው ብሏል።

ታዲያ የሰው ልጅ አፈ ታሪክን ለምን ይፈጥራል? ልቡ የሚጠይቀው ስላለ ነው። በጥንቱ የመስጴጦምያ ትረካ ጊልጋመሽ ወዳጁ ሲሞትበት የማይሞት ሕይወት ፍለጋ ይዞራል፤ ሳያገኝም ይመለሳል። በእኛም አገር ሕዝቡ ልጃገረዶችንና ከብቶችን ይገብርለት ስለ ነበረው ስለ ዘንዶው አርዌ ይተረካል፤ አንድ ሰው ተነሥቶ እስኪገድለው ድረስ ሁሉም በፍርሃት ይኖር ነበር። በእነዚህ ትረካዎች ውስጥ የሞት ፍርሃትና የአዳኝ ናፍቆት አለ። ስለዚህ አንሳለቅባቸው፤ ጥያቄያቸው የእኛም ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ግን አንዳንድ ወገኖች በቅንነት «መስቀሉስ ያው አፈ ታሪክ አይደለምን?» ይሉናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የአርዌ ትረካ የሚጀምረው ዘመኑ በማይታወቅ ጥንት ነው። የኢየሱስ ስቅለት ግን በታወቀ ከተማ፣ በታወቀ ገዥ ዘመን የሆነ ነው። የክርስቲያኖች ወዳጅ ያልነበረው ሮማዊው የታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ በ116 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ፣ ክርስቶስ በጢባርዮስ ዘመን በጴንጤናዊው ጲላጦስ እንደ ተገደለ መዝግቧል። በ1961 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ የጲላጦስ ስም የተቀረጸበት ድንጋይ በቂሣርያ ተገኝቷል። ጴጥሮስም የሰበከው ተረት ተከትሎ ሳይሆን ያየውን እንደ ሆነ ይመሰክራል (2ጴጥሮስ 1፥16)።

ድንጋዩና የታሪክ መጽሐፉ ጲላጦስን እንጂ ኃጢአታችንን አያሳዩንም። ክርስቶስ ለምን እንደ ሞተ የሚነግረን ቃሉ ነው። የአዳም አፅም በዚያ ይኑር አይኑር እምነታችን በእርሱ ላይ አልቆመም። አፈ ታሪኩ በራስ ቅል ሊያሳየን የሞከረውን ጳውሎስ ያለ ራስ ቅል ነግሮናል፤ በአዳም ሞት መጣ፣ በክርስቶስ ሕይወት ተሰጠ (ሮሜ 5፥12-21፤ 1ቆሮንቶስ 15፥22)። እኛም በአዳም ያለን ሰዎች ነንና ያ ደም ለእኛ ፈስሷል።

የተወደዳችሁ፣ በቀራንዮ ሰፈር መኖር ማንንም አያድንም፤ በቀራንዮ የሞተውንና የተነሣውን ጌታ ማመን ግን ያድናል። እስካሁን ስሙን ብቻ የምታውቁ ብትሆኑ ዛሬ በእምነት ቅረቡት። ጸጋው ይብዛላችሁ።