ስለ አዝማሪ ቤት መዘጋት

ሰው የሚሠራቸው ቤቶች ልዩ ልዩ ናቸው። አንዱ የሚታደርበት፤ አንዱ የሚነገድበት፤ አንዱም የሚጸለይበት ነው። ከነዚህ ሌላ ደግሞ ሰው ኀዘኑንና ደስታውን ከጎረቤቱ ጋራ በዜማ የሚካፈልበት ቤት አለ። ይህ ቤት ብዙ ጊዜ ከጭቃ የተሠራ፤ በሩም ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፤ ሲዘጋ የሚያዝንለት ሰው ጥቂት ነው። እኔም የዚህን ዓይነት ቤት መዘጋት በታሪክ እየተከተልሁ፤ ከእርሱ የሚገኘውን ትምህርት ለአንባቢ ለማቅረብ አስቤአለሁ።

«አዝማሪ» የሚለው ስም ከግዕዙ «ዘመረ» የወጣ ነው። መዝሙርና ዘማሪ የሚባሉትም ከዚያው ሥር የበቀሉ ናቸው። እንግዲህ በቃሉ ብቻ ብንሄድ፤ በቤተ ክርስቲያን የሚያመሰግነውና በመሸታ ቤት ማሲንቆ የሚመታው የአንድ አባት ልጆች ናቸው። በኑሮ ግን አንዱ ሲከበር ሌላው ተናቀ። ቢሆንም የጥንት ገዥዎች የሕዝቡን ልብ ለማወቅ ሲሹ «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር፤ የአዝማሪውንም ቅኔ ያዳምጡ ነበር። ሰውየውን ቢንቁትም ቃሉን ይፈሩት ነበር ማለት ነው።

ይህ ፍርሃት ብዙ ጊዜ በር አዘግቷል። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን (ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም.) ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የእንስሳትን ተረት መስለው የመንግሥቱን አሠራር የሚነቅፍ ተውኔት ለመኳንንቱ ባሳዩ ጊዜ፤ ቀልዱ ማንን እንደሚነካ ስለ ታወቀ ተውኔቱ ተከለከለ። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር ገና ሲወለድ አፉ ተያዘ።

ሁለተኛው መዘጋት ከውጭ ጠላት የመጣ ነው። በ1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ እየቀረበ ሲሄድ፤ መኰንን ሀብተ ወልድ የሀገር ፍቅር ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩም በንግግርና በዜማ ሕዝቡን ለአገሩ ነጻነት ያነሣሣ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ይህ ድምፅ ጠፋ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላም፤ ጠንቋዮችና በየአገሩ እየዞሩ የሚያዜሙ ሁሉ ሕዝቡን ያሸፍታሉ ተብለው እንዲገደሉ ታዘዘ። መትረየስና አውሮፕላን የያዘ ኃይል አንድ አውታር ያለውን ማሲንቆ ሊፈራ መቻሉ የሚያስደንቅ ነው።

ነገር ግን ጠላት የዘጋው ቤት ተከፈተ። ከድሉ በኋላ የሀገር ፍቅር ሥራውን እንደገና ጀመረ። ኋላ የአገሩ ሁሉ ድምፅ የሆነው ጥላሁን ገሠሠም ገና ልጅ ሳለ ከወሊሶ ተነሥቶ፤ በእኛ በሰበታ በሚያልፈው መንገድ ወደ አዲስ አበባ የገባው፤ ያንን ቤት ሽቶ ነው። የተከፈተ በር ሩቅ ያለውን ልጅ ይጠራል።

ሦስተኛው መዘጋት በሰዓት እላፊ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን ሰው ከመሸ በኋላ ከቤቱ እንዳይወጣ ስለ ተከለከለ፤ ሌሊት የሚኖረው የአዝማሪ ሥራ ተዳከመ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ግን እንደገና ሕይወት ዘርቶ፤ በተለይ በካዛንችስ ብዙ አዝማሪ ቤቶች ተከፈቱ። የካዛንችስ ስም የመጣው ኢጣልያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ከሠሩት መኖሪያ ነው። አዝማሪውን ሊያጠፋ የመጣ መንግሥት ያቆመው ሰፈር ለአዝማሪ መጠለያ ሆነ፤ ታሪክ እንዲህ ያለ ፍርድ አለው።

ከነዚያ ቤቶች አንዱ ፈንድቃ ይባል ነበር። መላኩ በላይ የተባለ ወጣት በዚያ ቤት ለሽልማት ገንዘብ እየጨፈረ፤ ሌሊቱንም እዚያው እያደረ ኖረ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ ቤቱን ተረክቦ፤ ቆይቶም የሥዕል ማሳያ ጨምሮበት የባህል ማእከል አደረገው። በዚያ አዝማሪው፤ ገጣሚው፤ ሠዓሊውና ከባሕር ማዶ የመጣ ሙዚቀኛ በአንድ ጣራ ሥር ይገናኙ ነበር። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንችስ ለኮሪደር ልማት ሲነሣ ይህም ቤት ፈረሰ። ሙያተኞቹ ከግድግዳው ጋራ አልፈረሱም፤ ሙያቸውን ይዘው ሄዱ። ነገር ግን ጎረቤቱም ስለ ተበተነ፤ ዜማውና ሰሚው ተለያዩ።

በዚህ ፍርድ ለመስጠት መቸኰል አይገባም። ያረጀ ቤት፤ የጠበበ መንገድና የጎደለ መጸዳጃ የሚወደድ ነገር አይደለም። ከተማ መታደስ አለበት። ጥያቄው «መፍረስ ነበረበትን?» ብቻ ሳይሆን «ከመፍረሱ በፊት ለውስጡ ሥራ ስፍራ ተሰናድቶለት ነበርን?» የሚል መሆን አለበት። ግድግዳ በአንድ ዓመት ይሠራል፤ ሰሚና ተናጋሪ በአንድ ስፍራ ለመለማመድ ግን ብዙ ዓመት ይፈጃል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የተባለው ለዚህ ነው።

ይህን ስናገር ራሴን ንጹሕ አድርጌ አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስላደግሁ የአዝማሪ ቤት የስካር ቤት ነው እየተባልሁ ተምሬአለሁ፤ ስካርም በእውነት ብዙ ቤት አፍርሷል። አስተማሪ በሆንሁ ጊዜ አንድ የአዝማሪ ልጅ ማሲንቆውን ይዞ ወደ ክፍል ቢገባ፤ ነጥቄ በዕቃ ቤት ቈለፍሁበት። ልጁ ከዚያ ሳምንት በኋላ አልተመለሰም። በዓመቱ መጨረሻ እናቱ ልትወስደው መጣች። ከፍቼ ባየው አይጥ ቆዳውን በልቶታል። አንዳች ቃል ሳትናገረኝ እንጨቱን ታቅፋ ሄደች። ዳዊት በሳኦል ፊት በገና እየደረደረ ንጉሡን እንዳሳረፈው በየዓመቱ አስተምር ነበር፤ በፊቴ የቆመውን ልጅ ግን አላየሁትም። እንግዲህ የዜማን ቤት የሚዘጋ ንጉሥ፤ ጠላትና የከተማ ፕላን ብቻ አይደለም። አስተማሪም በአንድ ቁልፍ ይዘጋዋል።

ዛሬ ሰበታ፤ ቡራዩና ሱሉልታ በሸገር ከተማ ሥር ሆነው በፍጥነት እየሰፉ ናቸው። የሚሠራ ሰው ለፋብሪካው፤ ለገበያውና ለመንገዱ ስፍራ ሲለካ፤ ጌረርሳ የሚያዜመው ሽማግሌና ማሲንቆ የሚመታው ወጣት የሚቀመጡበትን አንድ አዳራሽ ቢጨምር፤ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ነው። አንድ ስፍራ ተቀምጠው የተሳሳቁ ሰዎች ለመጣላት ይከብዳቸዋልና።

መምህራን የሆናችሁም ልጅ ማሲንቆ ይዞ ወደ ክፍላችሁ ቢገባ አስቀምጡትና አንድ ዜማ አሰሙን በሉት፤ ከዚያም ሒሳቡን አስተምሩት። እኔ ይህን ሳላደርግ ጡረታ ወጥቻለሁ።