የኳንተም ኮምፒዩተር ተመራማሪዎች ሥራና የመንግሥት ሰነዶች ምስጢራዊነት

በኳንተም ኮምፒዩተር ዘርፍ የሚካሄደው ምርምር የሳይንቲስቶች ብቻ ጉዳይ ተደርጎ ሲታይ ቆይቷል። ሆኖም ዛሬ በኮድ ተመስጥረው የሚላኩ ሰነዶች ወደፊት ሊነበቡ የሚችሉበት ዕድል በዚሁ ምርምር ፍጥነት የሚወሰን በመሆኑ፣ ሰነድ የሚይዙ መሥሪያ ቤቶችንም ይመለከታል። (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መደበኛው ኮምፒዩተር የሚሠራው ዜሮ ወይም አንድ በሆኑ ቢቶች ነው። ኪዩቢት የሚባለው የኳንተም ኮምፒዩተር መሠረት በአንጻሩ የሁለቱን ሁኔታ አጣምሮ መያዝ ይችላል። ይህ ሁኔታ ግን በጥቂት ሙቀት ወይም ከውጭ በሚመጣ ሞገድ ይፈርሳል። በመሆኑም ጎግልና አይቢኤም የሚሠሯቸው ቺፖች ከፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ በዲግሪ ጥቂት መቶኛ ብቻ ከፍ ባለ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ። ማቀዝቀዣውን እዚህ ደረጃ ማድረስ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ውስጥ ያለ አንድ ሽቦ ቢበላሽ ሁሉንም አሙቆ፣ ጠግኖ እንደገና ማቀዝቀዝ ግድ ይሆናል። የተመራማሪው የዕለት ተዕለት ሥራ ከቀመር ይልቅ ለጥገና ባለሙያ ሥራ የሚቀርብበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ሥራው የፊዚክስ፣ የኤሌክትሪክ ምህንድስና፣ የሒሳብና የሶፍትዌር ባለሙያዎችን ቅንጅት ይጠይቃል። ጎግል በ2019 ያወጣው ታዋቂ ጥናት ከ70 በላይ ተመራማሪዎች የተፈራረሙበት ነበር። ጥናቱ 53 ኪዩቢቶች በ200 ሴኮንድ ያጠናቀቁት ስሌት ለታላላቅ ኮምፒዩተሮች 10 ሺህ ዓመታት እንደሚፈጅ ገልጾ፣ አይቢኤም በበኩሉ ሁለት ቀን ተኩል ይበቃል ሲል ተቃውሟል። እንዲህ ያሉ መግለጫዎች በጥንቃቄ ሊነበቡ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ትልቁ ፈተና ስህተትን ማረም ነው። ኪዩቢት እንደ ፋይል ሊቀዳ አይችልም። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ፒተር ሾር በ1995 መረጃውን በበርካታ ኪዩቢቶች ላይ በመበተን ስህተቱን ማረም እንደሚቻል አሳይቷል። ሐሳቡ በተግባር አጥጋቢ ውጤት እስኪያስገኝ ሦስት አሥርት ዓመታት ገደማ ፈጅቷል። የጎግል ተመራማሪዎች በ2024 ኪዩቢቶችን በ3 በ3፣ በ5 በ5፣ ቀጥሎም በ7 በ7 ሲደረድሩ ስህተቱ በየደረጃው በግማሽ ያህል መቀነሱን አስታውቀዋል። ከዚያ ቀደም ኪዩቢት ሲበዛ አብዛኛውን ጊዜ ስህተትም አብሮ ይበዛ ነበር።

ሾር አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1994፣ ብቁ የኳንተም ኮምፒዩተር ከተሠራ ባንኮችና መንግሥታት የሚገለገሉበትን አርኤስኤ የተባለ የምስጠራ ዘዴ መስበር እንደሚችል አረጋግጧል። በ2019 ለዚህ 20 ሚሊዮን ኪዩቢት እንደሚያስፈልግ ተሰልቶ ነበር። በ2025 የወጣ የጎግል ተመራማሪ ስሌት ቁጥሩን ከአንድ ሚሊዮን በታች አውርዶታል። እስካሁን የተሠሩት መሣሪያዎች ከዚህ እጅግ የራቁ ናቸው።

የአሜሪካ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም በነሐሴ 2024 የኳንተም ጥቃትን እንዲቋቋሙ የተዘጋጁ የመጀመሪያዎቹን ሦስት የምስጠራ ደረጃዎች አጽድቋል። ለረጅም ዓመታት በምስጢር መያዝ ያለበት ሰነድ ዛሬ በአሮጌው ዘዴ ተልኮ ከተጠለፈ፣ ጠላፊው አስቀምጦት መሣሪያው እስኪደርስ መጠበቅ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያዎች ሽግግሩ በእነዚህ ሰነዶች እንዲጀመር ይመክራሉ።