ከኮኒሜትር እስከ ወገብ መለኪያ፦ የማዕድን አቧራ አለካክ ታሪክ

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ በደቡብ አፍሪካ የዊትዋተርስራንድ የወርቅ ማዕድን ጉድጓዶች፣ ኳርትዝ የበዛበት አለት ሲሰረሰር የሚነሣው አቧራ በሠራተኞች ሳንባ ላይ ጠባሳ እየፈጠረ ሲሊኮሲስ ለተባለው በሽታ ይዳርጋቸው ነበር። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው ዘዴ አየሩን ስኳር በተሞላ ቱቦ ውስጥ መሳብ፣ ከዚያም ስኳሩን በውኃ አሟሙቶ የቀረውን አቧራ መመዘን ነው። ይሁን እንጂ ጥቂት ትላልቅ ቅንጣቶች ሚዛኑን ስለሚያደፉት፣ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚዘልቀው ረቂቅ ብናኝ ከቁጥር ሳይገባ ይቀራል።

የመንግሥት የማዕድን መሐንዲስ የነበሩት ሰር ሮበርት ኮትዜ እ.ኤ.አ. በ1916 ኮኒሜትር የተባለውን የእጅ መሣሪያ አስገኙ። በሞላ የሚሠራው ፒስተን 5 ኩቢክ ሴንቲሜትር ያህል አየር በቅጽበት ስቦ ማጣበቂያ ከተቀባ መስተዋት ጋር ያጋጨዋል፤ የተያዙት ቅንጣቶችም በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። በዚህም ተቆጣጣሪው ሰርሳሪው ከቆመበት ድረስ ዘልቆ ለመለካት ቻለ። ይህ ታላቅ እርምጃ ነበር። ነገር ግን አንድ ሠራተኛ በ8 ሰዓት ፈረቃ 10 ኩቢክ ሜትር ያህል አየር ይተነፍሳል ብንል፣ መሣሪያው የሚያየው ከ2 ሚሊዮን አንዱን እጅ ብቻ ነው። በዚያ ላይ እጅግ ረቂቆቹ ቅንጣቶች ሳይያዙ ያመልጣሉ፤ የተጣበቁት እብጠቶች ደግሞ በግጭቱ ተፈረካክሰው ቁጥሩን ያበዛሉ። የቆጣሪው ዓይን ድካምም የመሣሪያው አካል ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

እ.ኤ.አ. በ1959 በጆሃንስበርግ የተደረገው የሳንባ አቧራ በሽታ ጉባኤ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል የሚደርሰው አቧራ ምን እንደሆነ ወሰነ። በሚቀጥለው ዓመት በእንግሊዝ አገር የሃርዌል አቶሚክ ምርምር ጣቢያ ባለሙያዎች የነበሩት ሸርዉድና ግሪንሃልፍ፣ ሠራተኛው ለብሶት የሚውል ባለባትሪ የአየር መሳቢያ አስተዋወቁ። እኔ ከሁሉ የምሰጠው ግምት ለዚህ ነው፤ የቅጽበቱ ልክ በፈረቃው ልክ ተተክቷልና። ያም ሆኖ ማጣሪያው የሚመዘነው በላቦራቶሪ በመሆኑ፣ ውጤቱ የሚደርሰው ሠራተኛው አቧራውን ከተነፈሰ በኋላ ነው።

ይህን መዘግየት ያስቀረው በአሜሪካ የድንጋይ ከሰል ማዕድናት፣ እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2016 ጀምሮ ለተወሰኑ ከመሬት በታች ለሚሠሩ ሠራተኞች ግዴታ የሆነው ወገብ ላይ የሚታጠቅ መለኪያ ነው። በሚርገበገብ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለው ማጣሪያ አቧራ ሲጠራቀምበት የንዝረቱ ድግግሞሽ ስለሚቀንስ፣ ክብደቱ በፈረቃው መካከል ይነበባል። ነገር ግን መሣሪያው የከሰሉን አቧራ ከኳርትዙ ለይቶ አያውቅም፤ በዊትዋተርስራንድ ሰው የገደለውን ብናኝ ለመለየት እስካሁን ሌላ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ይላካል።