አደራና ውክልና፤ ስለ አሜሪካ የአየር ጥራት ሕግ አፈጻጸም

ቋንቋችን ሥልጣንን አካፍሎ ስለ መስጠት የሚናገሩ ሁለት የቆዩ ቃላት አሉት፤ አንደኛው እንደራሴ፣ ሁለተኛው ምስለኔ ነው። ሁለቱም የተሾመው ሰው የሿሚውን አካል ተክቶ በሿሚው ቃል የሚናገርና በሿሚው ማኅተም የሚያትም መሆኑን ከስማቸው ያስረዳሉ። ከእነዚህ ጎን ደግሞ አደራ የሚባል ቃል አለ፤ አደራ የተቀበለ ሰው በሰጪው ስም አይናገርም፤ ዕቃውን በራሱ ቤት፣ በራሱ ቁልፍና በራሱ ጥበብ ይጠብቃል፤ ሆኖም ገንዘቡ የእርሱ አይደለምና በጠፋ ወይም በጎደለ ጊዜ ይጠየቅበታል። የተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ማዕከላዊ መንግሥት አየርን ከጢስና ከመርዝ ለመጠበቅ ያወጣውን ሕግ ለግዛቶቹ አስረክቦ እንዲያስፈጽሙት ባደረገ ጊዜ፣ የሰጣቸው ውክልና ነው ወይስ አደራ የሚለው ጥያቄ፣ ላይ ላዩን ለተመለከተው የሰዋስው ክርክር ቢመስልም፣ ጉዳዩን እስከ ሥሩ ለመረመረው ግን በአንድ ፋብሪካ ጥግ የሚኖር ሕፃን ምን ዐይነት አየር እንደሚተነፍስ የሚወስን ሆኖ ይገኛል።

የሕጉ መነሻ ሐዘን ነው። በኦክቶበር 1948 (ዓመታቱ፣ ካልተገለጠ በቀር፣ በኤውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው) በፔንሲልቬንያ ግዛት በወንዝ ሸለቆ ውስጥ በምትገኘው በዶኖራ ከተማ፣ ከዚንክና ከብረት ፋብሪካዎች የወጣው ጢስ፣ የሞቀ አየር እንደ ክዳን ከላይ ስለ ተደፋበት መውጫ አጥቶ ለቀናት ሸለቆውን በመሙላቱ፣ 20 ሰዎች ሲሞቱ ብዙ ሺህ ሕዝብ ታመመ። በ1955 የወጣው የመጀመሪያው የማዕከላዊ መንግሥት ሕግ ለምርምር ገንዘብ ከመስጠት እምብዛም አላለፈም፤ የ1967ቱ ሕግ ደግሞ መስፈርት የማውጣቱን ሥራ ለግዛቶቹ ስለ ተወው፣ ጠንክሬ ብቈጣጠር ባለፋብሪካው ወደ ጎረቤቴ ይሄድብኛል የሚለው ሥጋት የእያንዳንዱን ግዛት እጅ እያሰረ ሥራው ተጓተተ። የወረቀት ፋብሪካ ባለበት በሜይን ግዛት በረምፎርድ ከተማ ተወልዶ ያደገው የሕግ መወሰኛው አባል ኤድመንድ መስኪ የመራው፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በዲሴምበር 31 ቀን 1970 የፈረመበት ሕግ ይህን ሥርዐት ገለበጠው።

አዲሱ ሕግ ሥራውን በሁለት ከፈለው። አየር ለሰው ጤና የሚበቃበትን መስፈርት የሚወስነው ማዕከላዊው የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ሆነ፤ ዛሬ ይህ መስፈርት የሚጸናባቸው ነገሮች ስድስት ሲሆኑ፣ እነርሱም ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ እርሳስ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ፣ ኦዞን፣ ብናኝና ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ናቸው። መስፈርቱ በምድር ላይ እንዴት እንደሚፈጸም፣ የትኛው ምድጃ ምን ያህል እንዲቀንስ፣ የትኛው ከተማ መኪኖቹን እንዴት እንዲመረምር የሚወስነው ግን ግዛቱ ነው፤ ዕቅዱን ጽፎ ያቀርባል፤ ከጸደቀለት በኋላ ያ ዕቅድ በግዛቱም በማዕከላዊውም መንግሥት ፊት እኩል የሚያስጠይቅ ሕግ ይሆናል። አዲስ የሚሠሩ ፋብሪካዎችን በሚመለከተው በ111ኛው ክፍል ውክልና በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል፤ ግዛቱ በቂ የአፈጻጸም ሥርዐት ካሳየ ሥልጣኑ ይሰጠዋል ይላል፤ ሆኖም በዚያው አንቀጽ፣ ይህ መሆኑ ማዕከላዊውን ባለሥልጣን ራሱ ከማስፈጸም እንደማይከለክለው ተደንግጓል። እንግዲህ ሕጉ የሰጠውን ሥልጣን ከሰጪው አላራቀውም፤ ይህም ጠባዩ ከእንደራሴነት ይልቅ ለአደራ የቀረበ ነው እንድል ያደርገኛል።

ለዚህ አሳብ ሌላም ማስረጃ አለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ግዛቶቹን እንደ ምስለኔ ቈጥሮ፣ መኪና የሚመረምር ድርጅት አቋቁሙ፣ የአውቶቡስ መንገድ ለዩ እያለ ሊያዝዛቸው በሞከረ ጊዜ፣ የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በ1975 ትእዛዙን ተቃወሙ። በ1992 ደግሞ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ የኑክሌር ዝቃጭን በሚመለከት በኒው ዮርክ ጉዳይ ላይ፣ ማዕከላዊው መንግሥት የግዛቶችን ሕግ አውጪዎች በግድ ለራሱ ሥራ ሊያሰማራ እንደማይችል በግልጥ ወሰነ። ስለዚህ ግዛቱ አደራውን አልቀበልም ቢል የሚያስገድደው የለም፤ የሚደርስበት ነገር ቢኖር የአውራ ጎዳና ገንዘብ መከልከል፣ አዲስ ፋብሪካ ለማቋቋም በሚወጣው ጢስ ልክ ሁለት እጥፍ ከሌላ ቦታ እንዲቀነስ መጠየቅ፣ በመጨረሻም ማዕከላዊው መንግሥት ራሱ ዕቅድ ጽፎ ማስፈጸሙ ነው።

ባለአደራው አደራውን በቃል ጠብቆ በተግባር ሊያጎድለው እንደሚችል ያሳየው የረጃጅም ጢስ ማውጫዎች ታሪክ ነው። መለኪያ መሣሪያው የሚተከለው በፋብሪካው አቅራቢያ ነበርና፣ ጢስ ማውጫውን እጅግ አርዝሞ ሰልፈሩን ወደ ላይኛው ነፋስ የላከ ግዛት የራሱን ሰማይ በቀላሉ ያነጻ ነበር፤ ያ ሰልፈር ግን ተጉዞ በሌላ ግዛት ሐይቅና ደን ላይ አሲድ ሆኖ ይዘንብ ነበር። የጆርጂያ ዕቅድ በ1974 በይግባኝ ፍርድ ቤት የተነቀፈው፣ የማዕከላዊው መንግሥት ምክር ቤትም በ1977 ከልክ ያለፈ ርዝመት ያለው ጢስ ማውጫ በስሌት እንዳይታሰብ የከለከለው በዚህ ምክንያት ነው። ነፋስ የግዛት ወሰን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ለግዛቶች ሁሉን መተው ይቻል ነበር እላለሁ።

የተቈጣጣሪው እጅ እስከ የት ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘንድ የደረሰው በአላስካ ጉዳይ ነው። በሰሜን ምዕራብ አላስካ የሚገኘው የሬድ ዶግ የዚንክ ማዕድን ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ለመትከል በፈለገ ጊዜ፣ የግዛቱ መሥሪያ ቤት በመጀመሪያ ረቂቁ የናይትሮጅን ጢስን አብዝቶ የሚቀንሰውን መሣሪያ ከሁሉ የሚሻል ነው ብሎ ከመረጠ በኋላ፣ አሳቡን ለውጦ እጅግ ባነሰ ሁኔታ የሚቀንሰውን ፈቀደ። ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት በ1999 ግንባታውን አገደ፤ ግዛቱም ምርጫው የእኔ ነው ሲል ተሟገተ። በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ዳኛ ጊንስበርግ በጻፉት ፍርድ፣ የግዛቱ ውሳኔ በቂ ምክንያት በታጣበት ጊዜ ማዕከላዊው መሥሪያ ቤት ሊያግድ ይችላል አለ። ግዛቶችን ያለ አግባብ የሚያሳንስ ነው ያሉት አራቱ ዳኞች ክርክር ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን የጠየቁት ዐይነት እምነት፣ ሒሳብ የማይጠየቅበት አደራ እንደሚሆን አይሰወርም።

በተቃራኒው ባለአደራው ከሰጪው የበለጠ ትጉህ የሆነበት ምሳሌ አለ። ካሊፎርንያ የመኪና ጢስን መቈጣጠር የጀመረችው ከማዕከላዊው መንግሥት ቀድማ ስለ ሆነ፣ የራሷን የጠበቀ መስፈርት እንድታወጣ በሕጉ ልዩ ፈቃድ ተሰጣት፤ በ2015 የታወቀውን የቮልስዋገንን የማጭበርበር ሥራ ለማጋለጥም የዚህችው ግዛት የአየር ሀብት ቦርድ ብዙ ደክሟል። በአገራችንም በኢትዮጵያ አቈጣጠር በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር ዐዋጅ ቁጥር 300፣ ክልሎች ከፌዴራሉ የጠበቀ ደረጃ ሊያወጡ እንደሚችሉ፣ የላላ ግን እንደማይችሉ ሲደነግግ ይህንኑ ፈለግ ተከትሏል፤ የእኛ ሕግ አንባብያን የአሜሪካውን ተሞክሮ በትኵረት ሊመለከቱት የሚገባውም ስለዚህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ አብዝቶ የሚያስተምረኝ ግን፣ አያሌ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ከተማ የሆነው ነገር ነው። በፖቶማክ ወንዝ ዳር በ1949 የተከፈተው፣ አምስት የድንጋይ ከሰል ምድጃዎች የነበሩት የኃይል ማመንጫ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ በመሆኑ ጢስ ማውጫዎቹ አጫጭር ነበሩ፤ ስለዚህ ጢሱ ከመበተን ይልቅ ወደ መሬትና በአጠገቡ ወደ ተሠሩት ረጃጅም መኖሪያ ቤቶች ይወርድ ነበር። ኃይሉ ወንዙን ተሻግሮ የዋሽንግተንን መሐል ከተማ ሲያበራ፣ ጥቀርሻው በአሌክሳንድርያ ሰዎች መስኮት ላይ ይቀር ነበር። ጥቀርሻውን ሲጠርጉ የሰለቹት ነዋሪዎች መጠየቅና መመርመር ጀመሩ፤ ከተማዋም አብራቸው ቆመች፤ የግዛቱ መሥሪያ ቤት ጥናት እንዲደረግ ባዘዘ ጊዜ፣ ስሌቱ በማመንጫው ዙሪያ ያለው አየር ከማዕከላዊው መስፈርት እጅግ ያለፈ እንደሚሆን አሳየ። ማመንጫውም በኦገስት 2005 ምድጃዎቹን አጠፋ።

አደራው ተጠበቀ ብለን በምንደሰትበት በዚያ ሰዓት፣ የዋሽንግተን የሕዝብ አገልግሎት ኮሚሽን መብራት ይጠፋብናል ብሎ ለማዕከላዊው መንግሥት አቤት በማለቱ፣ የኃይል ሚኒስቴር በዲሴምበር 2005 ማመንጫው በአስቸኳይ ሥልጣን እንዲሠራ አዘዘ። እንዲህም ሆኖ ግዛቱ የማዕከላዊውን መንግሥት መስፈርት ለማስፈጸም ሲቆም፣ ያው ማዕከላዊ መንግሥት በሌላ እጁ አስፈጻሚውን መለሰው። ዋሽንግተን መብራት የሚያሻት መሆኑን አልክድም፤ ሆስፒታሉም ትምህርት ቤቱም የሚሠራበት ነውና። የሚያሳዝነኝ፣ ሁለቱን ፍላጎቶች በአንድ ሚዛን ላይ አኑሮ የሚመዝን፣ ለተንፋሹም ለባለመብራቱም እኩል የሚጠየቅ ዳኛ አስቀድሞ አለመዘጋጀቱ ነው፤ የአየሩን ሕግ የሚያውቀው መሥሪያ ቤት ኃይሉን አያዝዝም፤ ኃይሉን የሚያዝዘው ደግሞ የአየሩን ሕግ አያስፈጽምም ነበር።

ዋሽንግተን ኃይል የምታገኝባቸው አዳዲስ መስመሮች በ2007 ተዘረጉ። ማመንጫው ግን ከዚያም በኋላ ከሰል እያነደደ ለዓመታት ቆየ፤ በመጨረሻ ከከተማዋ ጋራ በተደረገ ስምምነት በኦክቶበር 1 ቀን 2012 ተዘጋ። የግዛቱ ጥናት አየሩ ከመስፈርቱ ያለፈ መሆኑን ከገለጠበት ቀን እስከዚያ ድረስ ሰባት ዓመት አልፎ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ በአጠገቡ በተወለዱት ሕፃናት ስም የተከራከሩት፣ የማንም እንደራሴ ሳይሆኑ በገዛ ፈቃዳቸው የተነሡት የአካባቢው ነዋሪዎች ነበሩ።