በጦርነት መካከል የተከፈተ፣ በመከራ ዋዜማ የተዘጋ

ዛሬ የማነሣው የሁለት ትምህርት ቤቶችን ታሪክ ነው። አንደኛው ለንደን ላይ ቦምብ እየዘነበ ሳለ የተከፈተ ነው። ሁለተኛው አዲስ አበባ ውስጥ የነበረና የመከራው ዘመን ሊጀምር ሲል የተዘጋ ነው። በሁለቱ መካከል የአስተማሪም ሆነ የገንዘብ ዝምድና አልነበረም። እኔን ሁለቱን ጎን ለጎን እንዳስቀምጥ ያደረገኝ ለዓመታት ከራሴ ጋር ስሟገትበት የቆየሁት ጥያቄ ነው፦ ጦርነትና ረኀብ ልቡን የሰበረውን ሕፃን የሚይዘው እጅ ከየት ይመጣል? (ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ታሪኩ ሁለት አገር ስለሚረግጥ አንባቢ እንዳይደናገር ብዬ ነው።)

በ1939 ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ የእንግሊዝ መንግሥት የአየር ድብደባን ፈርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ተኩል ያህል ሰው፣ አብዛኛውን ሕፃናትን፣ ከከተሞች አስወጥቶ ወደ ገጠር ላከ። የታሰበው ስለ ቦምቡ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ሦስት ሐኪሞች ትንንሽ ልጆችን ከእናቶቻቸው መነጠል ራሱ ብርቱ ጉዳት እንደሚያስከትል በሕክምና መጽሔት ላይ አስጠነቀቁ፤ ማስጠንቀቂያቸው ግን ፖሊሲውን አልለወጠም። በ1940 መጸው ለንደን በእርግጥ መደብደብ ጀመረች። ቤታቸው የፈረሰ፣ አባቶቻቸው የዘመቱ፣ እናቶቻቸው ፋብሪካ የገቡ ልጆች በየምድር ባቡር ጣቢያው ያድሩ ጀመር።

ያኔ ነው አና ፍሮይድ ብቅ የምትለው። የሲግመንድ ፍሮይድ ልጅ ናት፤ ከአባቷ ጋር ከናዚዎች ሸሽታ ከቪየና ለንደን የገባችው በ1938 ነበር። ሰዎች የአባቷን ስም ያስባሉ እንጂ የመጀመሪያ ሙያዋ የልጆች መምህርነት መሆኑን የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከአሜሪካዊት ወዳጇ ከዶሮቲ በርሊንግሃም ጋር ሆና ሃምፕስቴድ በሚባለው ሰፈር አንድ የሕፃናት ማቆያ ቤት ከፈተች። ቀጥሎ ለጨቅላዎች ሌላ ቤት፣ በኤሴክስ ገጠር ደግሞ ሦስተኛ ቤት ተጨመረ። ገንዘቡ በአብዛኛው የመጣው ከአንድ የአሜሪካ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ቤቶቹ በ1945 እስኪዘጉ ድረስ 190 ያህል ልጆች አለፉባቸው። ለንደንን ለሚያህል ከተማ ይህ ቁጥር ከኢምንት አይቆጠርም፤ የቤቶቹ ታሪክ ዛሬ ድረስ የሚወሳው በሠራተኞቻቸው ምክንያት ነው።

ሠራተኞቹ አብዛኞቹ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የተሰደዱ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ራሳቸው ቤተሰባቸውን ጥለው የመጡ ናቸው፤ የሙያ ወረቀት ያላቸው ጥቂቶች ነበሩ። ቀን ልጆች ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ ያስተኛሉ። ማታ ትምህርት አለ፤ ስለ ሕፃን እድገት፣ ስለ ጤና፣ ስለ ልጅ ሐሳብና ፍርሃት። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ ግዴታ ነበረባቸው፦ ያዩትን መጻፍ። ልጁ ምን አለ፣ መቼ አለቀሰ፣ ማንን ፈለገ፣ እናቱ ስትመጣ ምን አደረገ፤ ሁሉም በትንንሽ ወረቀት ይሰፍራል፣ ከዚያም በጋራ ይነበባል፣ ይመረመራል።

ከዚህ ግዴታ ነጻ የሆነ ሠራተኛ አልነበረም። ጄምስ ሮበርትሰን የሚባል ከስኮትላንድ የሠራተኛ ቤተሰብ የወጣ ወጣት ነበር፤ የተቀጠረው የማሞቂያውን እሳት እንዲጠብቅና የተሰበረ እንዲጠግን ነው። እርሱም እንደማንኛውም ሰው ያየውን እንዲጽፍ ታዘዘ። ዓይኑም በዚያው ተከፈተ። ከጦርነቱ በኋላ ተምሮ የሶሻል ወርክ ባለሙያ ሆነ፤ በ1952 አንዲት የሁለት ዓመት ልጅ ከእናቷ ተለይታ ሆስፒታል ስትተኛ የሚያሳይ ፊልም ሠራ። መጀመሪያ ሐኪሞቹ ተቆጡ፤ ሆስፒታሎች ስማቸው የጠፋ መሰላቸው። ይሁን እንጂ በ1959 የወጣው የእንግሊዝ መንግሥት ሪፖርት ወላጆች የታመመ ልጃቸውን ያለ ገደብ እንዲጎበኙ አሳሰበ። እሳት ጠባቂ የጀመረው ሥራ የአንድ አገር ሆስፒታሎችን በር አስከፈተ ማለት ነው።

ወደ ማቆያው ልመለስ። ከወረቀቶቹ የወጣው የመጀመሪያ ግኝት ብዙዎችን ያስደነቀ ነበር፦ ትንንሽ ልጆችን ከቦምቡ ይበልጥ የሚጎዳቸው መለየት ነው። እናቱ እቅፍ ውስጥ ሆኖ፣ እናቱም ካልተሸበረች፣ ልጁ ድብደባውን ከተገመተው በላይ ይችለዋል። ስለዚህ የማቆያው በር ለወላጆች ቀንም ሌሊትም ክፍት ሆነ፤ አዲስ የሚገባ ልጅም ከእናቱ በድንገት እንዳይነጠል ተደረገ።

ሁለተኛው ግኝት ለእኔ የበለጠ ከባድ ነው። መጀመሪያ ላይ ልጆቹን ሁሉም ሞግዚቶች በጋራ ይንከባከቧቸው ነበር። ንጹሕ ናቸው፣ ጠግበዋል፣ ጸጥ ብለዋል፤ ጎብኚ ቢመጣ የሚያመሰግነው ዓይነት ቤት ነበር። ነገር ግን ንግግራቸው ዘገየ፣ ከማንም ጋር አልተቆራኙም። አና ፍሮይድ ልጆቹን አራት አራት ያህል አድርጋ ለእያንዳንዱ ቡድን አንዲት “እናት” መደበች። በሳምንት ውስጥ ጸጥታው ፈረሰ! ልጆቹ መቅናት፣ መጣላት፣ የእኔ ናት መባባል ጀመሩ፤ ሞግዚቷ ለደቂቃ ከክፍሉ ስትወጣ ቤቱ በለቅሶ ይናጣል። ያልሠለጠነ ሰው ይህን ቢያይ ሥራው ተበላሸ ብሎ ወደ ቀድሞው ጸጥታ ይመልሳቸው ነበር። የሠለጠኑት ግን ለቅሶው ልጆቹ እንደገና ሰው መውደድ መጀመራቸውን የሚያሳይ መሆኑን አወቁና ታገሡ። ጥቂት ቆይቶ ንግግራቸውም ጠባያቸውም ወደፊት ሄደ።

የሥልጠና ትርጉም ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ፍቅር ያላት ሞግዚት በየመንደሩ አለች። ጸጥ ያለው ልጅ ከሚያለቅሰው ይልቅ ሊያሳስብ እንደሚገባ የምታውቅ ሞግዚት ግን በትምህርት የምትገኝ ናት።

ይህ እውቀት ወዲያው አስፈለገ። በ1945 ከናዚ ካምፖች የተረፉ ልጆች እንግሊዝ ሲገቡ ከመካከላቸው የሦስትና የአራት ዓመት ዕድሜ ያላቸው፣ ከቴሬዚን ካምፕ የመጡ፣ ወላጆቻቸው የተገደሉባቸው ስድስት ሕፃናት ነበሩ። የሰጧቸውን አሻንጉሊት ሁሉ ሰባበሩ፤ ትልልቅ ሰዎችን ይመታሉ፣ ይነክሳሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ለአንድ አፍታም አይለያዩም። የተቀበሏቸው በሃምፕስቴድ ቤቶች የሠሩ ሁለት እኅትማማቾች ናቸው። ሌላ አሳዳጊ ልጆቹን ባለጌ ብሎ በየቤቱ በበተናቸው ነበር፤ እነዚህ ሴቶች ግን ስድስቱ አንዱ ለሌላው እናት መሆናቸውን ተረድተው አንድ ላይ አቆዩአቸው። በ1947 ደግሞ በማቆያው የሠሩ ወጣቶች የያዙት እውቀት በወግ ትምህርት እንዲጸና ተብሎ የሕፃናት የሥነ ልቦና ሕክምና ማሠልጠኛ በዚያው በሃምፕስቴድ ተከፈተ።

አሁን ወደ ቤታችን ልምጣ። የእንግሊዙ የሆስፒታል ሪፖርት በወጣበት በዚያው በ1959 አዲስ አበባ ላይ በተባበሩት መንግሥታት እገዛ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ በኋላም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። ከአፍሪካ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነበር። አብዮቱ ሲመጣ ግን ተዘጋ፤ ከሶሲዮሎጂ ጋር ተዋሕዶ “አፕላይድ ሶሲዮሎጂ” ተባለ። አስተሳሰቡ ይታወቃል፦ ሶሻል ወርክ የካፒታሊዝምን ቁስል መጠገኛ ነው፣ ሥርዓቱ ከተለወጠ ቁስሉ አይኖርም። ይህን አስተሳሰብ ለደርግ ብቻ ማሸከም አልወድም፤ የዘመኑ የተማረ ትውልድ በብዛት የሚስማማበት ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መዘርዘር ለአንባቢ አያስፈልገውም። ቀይ ሽብር፣ የኦጋዴን ጦርነት፣ የ1984–85 ረኀብ፣ እስከ 1991 የዘለቀው የሰሜኑ ጦርነት። ደርግ ሕፃናቱን ረሳ ማለት ሐሰት ይሆናል። ለወደቁ ወታደሮች ልጆች አላጌ ላይ ሕፃናት አምባን ሠርቷል፤ እዚያ ያደጉ ብዙዎች ዛሬም በናፍቆት ያነሡታል። በ1981 የሕፃናት ኮሚሽንን አቋቁሟል። ሕንፃውም ምግቡም ትምህርቱም ተሟልቶ ሊሆን ይችላል። የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቶ ቆየ። ይህን ያህል የተጎዳ ልጅ በአገሪቱ ባልታየበት ዘመን ባለሙያውን የሚያወጣ ትምህርት ቤት ነበረ፤ ልጆቹ በሺዎች ሲመጡ አልነበረም።

ድህነት ነው የሚል ይኖራል። አልቀበለውም። ሃምፕስቴድም በልመና ገንዘብ፣ ወረቀት በሌላቸው ስደተኞች የቆመ ነው፤ መዝጋት ደግሞ ገንዘብ የሚጠይቅ ውሳኔ አይደለም።

ትምህርት ቤቱ ተመልሶ የተከፈተው በ2004፣ በአሜሪካ ከሚገኘው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የቺካጎ ቅርንጫፍ ጋር በመተባበር፣ በማስተርስ ደረጃ ነው። የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ኢሕአዴግ ሥልጣን በያዘ ከአሥር ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ መሆኑ ልብ ይባል፤ ዝምታውን ሁለት መንግሥታት ተካፍለውታል።

ከ2020 እስከ 2022 የዘለቀው ጦርነት፣ ከዚያም በኋላ በአማራ ክልል የቀጠለው ግጭት እንደገና ያንኑ ጥያቄ አምጥቷል። መልሳችን በብዛት በሆቴል አዳራሽ የሚሰጥ፣ አበል ያለው፣ የጥቂት ቀን ሥልጠና ነው። አልንቀውም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ከሌሎች ጋር ያወጣው የሥነ ልቦና የመጀመሪያ ርዳታ መመሪያ በአጭር ጊዜ የሚሰጥ ነው፣ ጠቃሚም ነው። መመሪያው ራሱ ግን ይህ የባለሙያ ምክር አይደለም ይላል፤ ስሙም የመጀመሪያ ርዳታ ነው፤ እኛ የመጨረሻም አደረግነው። በሃምፕስቴድ የእሳት ጠባቂውን ወረቀት የሚያነብለትና ያየህ ይህ ነው የሚለው ሰው ነበረ። የሥልጠናውን ሰርተፍኬት ይዞ ወደ መንደሩ የተመለሰው መምህር፣ ከኋላ ወንበር ወር ሙሉ ቃል ሳይወጣው የሚቀመጠውን ልጅ ነገር ለማን ይጻፍ? የሚያነብለት የወረዳ ቢሮ የቱ ነው?